ቁጥር ዐሥራ ሰባት

ዲዬፕ፣ የጥር ማለዳ። ከባሕር የመጣ ጉም በጋራዡ በር ገብቶ፣
መብራቱ ሥር ተኝቷል፣ እንደ ሥራ ፈት ተዘርግቶ።
ሰማያዊዋ መኪና በአራት እንጨት ላይ ቆማ፣
ዐይኗ ወልቆ፣ ጎማዋ ወልቆ፣ ዝም ብላለች ተሸክማ
የሃምሳ ክረምት ጨውና ንፋስ፣ የሦስት ባለቤት ቀለም፤
ዝገት ግን አልደፈራትም፤ ብረት አይደለችም መቼም።

ሰውነቷ የመስታወት ክር ነው፣ በሬዚን የተለወሰ፤
ብረት ሲመታ ይጎብጣል፣ ያሳያል ምን እንደ ደረሰ።
ይህ ግን ኩሩ ነው፤ ተመትቶ ወደ ቅርጹ ይመለሳል፣
ከዚያ በዝምታ፣ ከውስጥ፣ ከቀለሙ በታች ይሰነጠቃል።

ሶላንዥ ሰባ ሦስት ዓመቷ ነው። መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ፣
የቀኙን ፓራፋንጎ ጠርዝ በአውራ ጣቷ ዳሰሰች ተከትላ።
ከጎማው ቤት ተነሥቶ እንደ ሸረሪት ድር የተበተነ
ፀጉር የሚያህል መስመር አለ፣ ለማያውቅ ሰው ጌጥ የሆነ።

"ማን ነው ስቱኮ የለበጠው?" አለች። ጥርስ ሐኪሙ፣ ባለ መኪና፣
ዶክተር ኦብሪ ጣራውን አየ፣ አንገቱን አድርጎ ቀና።
"አንድ ልጅ ነበር... በርካሽ... ለሰልፉ እንድትደርስ፣ ለአንድ ቀን..."
"እርስዎ ጥርስ ሳይቦረቡሩ ይሞላሉ?" አለችው። ወጣ፤ ተወን።

"አለባብሰው ቢያርሱ" ያለው ሰው ቀለም ቀቢ ነበር መሰለኝ፤
ስቱኮውን ስፍቅ ዋልኩ፤ ከሥሩ ሌላ ስቱኮ ጠበቀኝ።
ከዚያ ትእዛዙ መጣ፦ "ስንጥቁን አስፋው።" እጄ ራደ።
ላድነው የመጣሁትን ላቆስለው? መሞረጃው ግን ነጎደ።
ጎንና ጎኑን እንደ ሸለቆ አጋደምኩት፣ ጤነኛው ክር እስኪታይ፤
ነጭ ብናኝ እንደ ዱቄት ወረደ ቅንድቤ ላይ።
ብርጭቆን በብርጭቆ ወረቀት! እሾህን በእሾህ እንዲሉ፤
ክንዴ ውስጥ የማይታዩ መርፌዎች ሲዋጉ ያድራሉ።
(በሙቅ ውሃ እንዳልታጠብ አስጠንቅቃኝ ነበር፤ ረሳሁ።
ሌሊቱን እያከክሁ ስገላበጥ፣ ሳልተኛ ተነሣሁ።)

በማግስቱ ከጎማው ቤት ሥር በጀርባዋ ተንፏቃ ገባች፤
አሮጌ ጭቃ ስትፍቅ፣ ስለ ዓሣ ዋጋ ስታወራ ቆይታ፣ ዝም አለች።
"ና" አለችኝ። አሳየችኝ ከሬዚኑ ሥር በእርሳስ የተጻፈውን፣
ሃምሳ ክረምት ያልገፈፈውን፦
ዐሥራ ሰባት።

"እኔ ነኝ" አለች።
"ያኔ ፋብሪካው ውስጥ ስም አንጽፍም፤ ሁላችንም ቁጥር ነበርን፤
ጨርቁን ቅርጹ ላይ አንጥፈን፣ ሬዚን አጠጥተን፣ አየሩን በሮለር አባርረን።"
ጣቷን አኖረች፤ ከቁጥሩ አንድ ስንዝር ዝቅ ብሎ፣
ሳንቲም የምታህል አረፋ፣ ክሩ መሐል ተቀብሮ ውሎ።
ያልወጣ ትንፋሽ። ስንጥቁ ሁሉ ከዚያ ነው የሚጀምረው፤
ድንጋይም አይደለም፣ መንገድም አይደለም፣ ያ ርካሹ ልጅም አይደለም የሰበረው።

"ዓርብ ይሆናል፤ አውቶቡስ ሊያመልጠኝ። ወይ ተጣልቼ ከአለቃ።
ወይ ምንም። ደክሞኝ ብቻ።" ጉልበቷን ይዛ ተነሣች፤ ያ ነበር፣ በቃ።

ጨርቁን በእጇ ቀደደች፤ የተቀደደ ጠርዝ ይቀላቀላል፣
በመቀስ የተቆረጠ ግን ድንበሩን ይዞ ይቀራል።
ድርና ማግ የለውም፤ እንደ ገለባ ብትን ነው ክሩ፤
በብሩሽ መታ መታ አደረገችው፣ ነጩ ጠፍቶ እስኪታይ ከሥሩ።
ማጠንከሪያውን በጠብታ ቆጠረች፤ ብርዱን አይታ ሁለት ጨመረች፤
ከዚያ ሮለሩን ገፋች፣ ሳበች፣ ደግማ ገፋች፤
ሕፃን እንደምታስገሳ እናት፣ የመጨረሻዋን አረፋ ጠበቀች።
በመስኮቱ አውቶቡስ አለፈ። አላየችውም።
ሌላም አለፈ። ቀና አላለችም።

ሬዚኑ ሳይጠጥር እርሳሷን ከጆሮዋ ላይ አነሣች፤
ቁጥሯን ልትጽፍ ነው ብዬ ነበር። አሰበች፤ መልሳ ሰካች።

ሒሳቡን በዚያው እርሳስ ጻፈች፦ ለኮፈኖው፣ ለበሩ፣ ለቀለም፤
ከቀኝ ፓራፋንጎ ፊት ለፊት ዶክተሩ ፈለገ፤ ቁጥር የለም።
"እዚህ ረስተዋል።" "አልረሳሁም" አለች፤ "እሱ የቆየ ሒሳብ ነው።"
እኔ ክንዴን እያከክሁ ወለል እጠርጋለሁ፤ ብናኙ ገና ብዙ ነው።